አባቴ ገቢው ያደገ ጊዜ

«አንቺ የምታውቂው ሆድሽን ነው፤ ገቢ አታውቂም» አለኝ አባቴ ፊት ለፊቴ ቆሞ።

ዝም ማለት አልችልበትም። ትምህርት ቤትም እያለሁ ያስቀጣኝ የነበረው ይኸው ነው። «ሆዴን ካወቅኩ የቀረውን ከአንተ እማራለሁ» አልኩት። እናቴ ጓሮ በር ላይ ሆና በዓይኗ ተቆጣችኝ። ከዲላ ድረስ የጠራችኝ ግን እሷ ራሷ ነበረች። በታናሽ ወንድሜ ስልክ ደውላ «ነይና አባትሽን አናግሪው፤ አንቺን ይሰማል» ብላኝ ነው የመጣሁት። አባቴ እኔን አይሰማም። ክርክሬ ስለሚያደክመው ቶሎ እንዲያልቅለት ይፈልጋል፤ እናቴ ይህንን መስማት ትለዋለች።

የተጣላነው በእንሰት ነው። ዱመርሶ ካለው ቤታችን ጀርባ ሠላሳ ስምንት እግር እንሰት ቆሞ ነበር። አባቴ ክረምቱ ሳይገፋ ሁሉንም ነቅሎ ቡና ሊተክልበት ቆርጧል። ችግኙን አምጥቶ ከቤቱ ጎን ጥላ ሥር ደርድሮታል። ዘንድሮ የቀይ ቡና ዋጋ ጣራ ነክቷል፤ ከይርጋጨፌ እስከ ጨለለቅቱ የሰው ወሬ ይኸው ብቻ ነው። ሞተር የገዛ አለ፤ ቆርቆሮ የቀየረ አለ። አባቴም ያንን እያየ ከቤታችን ጀርባ የቆመው እንሰት መሬቱን በከንቱ የያዘበት መሰለው።

እንሰት ዛሬ ነቅለው ነገ የሚመልሱት ነገር አይደለም። ትንሽ ሆኖ ይተከላል፤ ከዚያ ይነሣና ሌላ ቦታ ይተከላል፤ እንደገና ይነሣል። ተፍቆ ቆጮ እስኪሆን ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጃል። እናቴ የእያንዳንዱን ዕድሜ ታውቃለች። «ይሄ አንቺ ስምንተኛ የገባሽ ጊዜ የተከልኩት ነው» ትላለች፤ ስለ ሰው የምታወራ ነው የሚመስለው።

አባቴን ክፉ ሰው አድርጌ መጻፍ አልፈልግም። ምክንያት አለው። አያቴ የነበረው መሬት ለአራት ወንዶች ልጆች ተቆረጠ። አባቴ ከደረሰው ላይ ለታላቅ ወንድሜ ቆርጦ ሰጠ፤ ወንድሜ እዚያው ጎጆ ወጥቶ ሚስት አግብቶ ሁለት ወልዷል። አሁን ደግሞ ሁለተኛው ሊያገባ ነው። «ለእሱም ከቆረጥኩለት ለእኔ የምቆምበት ነው የሚቀረኝ» አለ አባቴ። «መሬቱ አልሰፋም፤ አፍ ነው የበዛው። ቡና ልትከልና በገንዘቡ ሞተር ልግዛለት። እየሠራ ይኑር። መሬቴን ይተውልኝ።»

«ችግኙ እስኪያፈራ አራት ዓመት ነው። እስከዚያ ምን ትበላላችሁ?»

«ያለው ቡና ይገዛልናል።»

«ያለው ቡና ያኔም ይገዛልናል ብለህ ነበር።»

ያኔ ያልኩት አምስተኛ ክፍል የነበርኩበትን ዓመት ነው። በፊት እንሰታችን ከቤቱ ጀርባ ተነሥቶ እስከ ወንዙ መውረጃ ድረስ ነበር። ልጆች ሆነን ተደባብቀን ስንጫወት ፈላጊው ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ያን ዓመትም ቡና ተወደደ። አባቴ የታችኛውን እንሰት በሙሉ አስነቀለና ቡና ተከለ። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ቡናው አፈራ፤ እውነትም ብር ገባ። የግብርና ባለሙያው ደብተሩን ይዞ መጣና የዓመቱን ገቢ ጠይቆ ጻፈ። ባለፈው ከጻፈው ጋር አስተያይቶ «አባት፣ እጥፍ አልፈዋል እኮ» አለው። ቀጥሎ አባቴ ሞዴል አርሶ አደር ተብሎ ሰርተፊኬት ተቀበለ። ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። እኔም ኮርቼ ለጓደኞቼ አውርቻለሁ፤ አልዋሽም።

ዱሮ ከገበያ የሚገዛው ጨውና ዘይት፣ አልፎ አልፎም በቆሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም በቆሎ በጆንያ እየተገዛ ነው የኖርነው። ቡና ደግሞ አንድ ዓመት አፍርቶ አንድ ዓመት ያርፋል። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ አረፈ። ቀበሌው ለተቸገረ ሰው ዱቄት ያድላል ተባለና ከአባቴ ጋር ሄድኩ። አማርኛው ስለማይቀናው አስተርጓሚ እንድሆነው ነው። ዝርዝሩን የያዘው ሰውዬ ወረቀቱን ገልብጦ አየና «እርስዎ እኮ ሞዴል ነዎት። ገቢዎ ከፍ ያለ ነው» አለው።

አባቴ ይህንን ሳልተረጉምለት ገባው። «ሞዴል ትበላለች?» አለ በራሱ አማርኛ።

ሰልፉ ሳቀ። ሰውየውም ሳቀ። ዱቄቱ ግን አልተሰጠንም። ቤት ስንደርስ አባቴ ሰርተፊኬቱን ይነቅለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልነቀለውም።

እንግዲህ ያን ሁሉ እያወቀ ነው አሁንም የቀረውን ልንቀል የሚለው። ያን ቅዳሜ ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን፣ «ሁለት ሳምንት ታገሠኝ፤ በጽሑፍ አሳይሃለሁ» አልኩት። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሯል፤ ለወረቀት ክብር አለው። «አሳዪኝ» አለ። ወደ ዲላ ተመለስኩ።

ዲላ የምሠራው ከዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ያለ ፎቶኮፒ ቤት ውስጥ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ግን አላመጣሁም። ስለዚህ ነጥብ ያመጡትን ልጆች ወረቀት አስተካክላለሁ። ፍላሻቸውን ይሰጡኛል፤ እኔ የገጹን ቁጥር፣ ሰንጠረዡን፣ ማውጫውን አበጅቼ አትምላቸዋለሁ። ከሰሜን የመጣ አንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነበረ፤ ወረቀቱን አምስት ጊዜ አስለውጦኛል። ስለ ክልል የነፍስ ወከፍ ገቢ ነው የጻፈው፤ በብዙ ዓመታት ውስጥ እንዴት እንደሄደ። ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እየወጣ፣ አልፎ አልፎ ጎበጥ እያለ፣ ተመልሶ ይወጣል።

«ይሄ ምንድን ነው የሚወጣው?» አልኩት አንድ ቀን።

«የክልሉ ገቢ ለሰዉ ሲካፈል ነው።»

«ተካፈለ?»

«በስሌት» አለና ሳቀ። «ምነው፣ አልደረሰሽም?»

«አስተካክዬ የማትመው እኔ ነኝ፤ እስካሁን አላየሁትም።»

«አማካይ ነው እኮ እህቴ። አንቺና የዚህ ቤት ባለቤት በአማካይ ደህና ናችሁ።»

አፉ እንደ እኔ ስለሆነ ወደድኩት። ያስረዳኝም እሱ ነው። ብሩን ብቻ ካየሽ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው፤ ብሩ የሚገዛውን ነው ማየት ያለብሽ አለኝ። የሰው ብዛትም ይገባል፤ ለስንት ሰው ተካፈለ ነው ጥያቄው። ነገሩ ቀላል ነበር። ይህማ የእኛ ቤት ነው አልኩ በልቤ። ስለ እንሰት ግን አልጠየቅኩትም። ሰው አብቅሎ ራሱ የሚበላው እንዴት ነው የሚቆጠረው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልመጣልኝም።

ደንበኛ በሌለ ሰዓት ሰንጠረዥ ሠራሁ። አባቴ ዓመተ ምሕረት ስለማይይዝ ዓመቱን በእኔ ክፍል ጻፍኩት፦ አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ እስከ ዘንድሮ። የቡናውን ታላቅ ወንድሜ ነገረኝ። የበቆሎውን ለእናቴ ደወልኩላት። በየዓመቱ ስንት ጆንያ በቆሎ በስንት ብር እንደተገዛ አንድ ሳትስት ነገረችኝ፤ ጆንያውን የምታራግፈው እሷ ናት። ከዚያ የቤቱን ሰው ቆጠርኩ። የወንድሜ ሚስትና ልጆቿ ምድጃቸው ለብቻ ይሁን እንጂ የሚበሉት ከእናቴ ጓዳ ስለሆነ አስገባኋቸው። ራሴንም አስገባሁ። መጨረሻ ላይ «እንሰት» የሚል ዓምድ ከፈትኩ።

«እማዬ፣ እንሰቱን ስንት ልበለው?» አልኳት።

«ሸጠነው እናውቃለን?»

«አናውቅም።»

«እንግዲያ ምን ትዪዋለሽ» አለችና የእኔ ሂሳብ ሳያልቅ ስልኩን ዘጋችው።

ባዶ ተውኩት። ከታች ግን ሁሉንም ዓምድ ደምር ብዬ ለኮምፒውተሩ ነግሬው ስለነበር፣ የእንሰቱን ድምር በራሱ ጻፈ። እኔ እሱን አላየሁም። እያየሁ የነበረው ከቁጥሮቹ ያሠራሁትን መስመር ነው። በብር የሠራሁት እንደዚያ ተማሪ መስመር ወጣ፤ በበቆሎ ለውጬ ለሰው ሳካፍለው ግን ወረደ። እንሰቱ የተነቀለ ጊዜ ትንሽ ወጣ አለና ከዚያ ወዲያ እስከ ዘንድሮ ወረደ። እንደዚህ ያለ ቆንጆ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ጥቁርና ነጭ አተምኩት፤ ባለቤቱ ባለቀለሙን አይፈቅድም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ዱመርሶ ወጣሁ። ዘንቦ ነበር፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። አባቴና ሁለቱ ወንድሞቼ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። እናቴ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ሆና ስኳር ድንች ትልጣለች። እያዳመጠች እንደሆነ ሁሉ ነገሯ ይናገር ነበር፤ ልጣጩ ከእጇ ረዝሞ ረዝሞ ይወርዳል እንጂ ቢላዋው አይሰማም።

አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ ዞረ። በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ቤታችን የሚነገረው ጌዴኦኛ ነው፤ ሰንጠረዡን የጻፍኩት ግን በአማርኛ ስለሆነ እያንዳንዱን ዓምድ ነገርኩት። የቡናውን ብር አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። በቆሎውን አየ። ወደ መስመሩ መጣ።

«ይሄ የሚወርደው እኛ ነን?»

«እኛ ነን። ለአንድ ሰው የሚደርሰው፤ ነፍስ ወከፍ ይሉታል።»

መስመሩን በጣቱ እስከ ታች ተከተለው። «ልክ ነሽ» አለ በመጨረሻ። «ብሩ ይበዛል፤ ጆንያው አይበዛም። ይሄን እኔም አውቀዋለሁ።»

ሁለተኛው ወንድሜ «እንግዲያ ሞተሩ ቀረ በለኛ» አለ እየሳቀ፤ ፊቱ ግን አልሳቀም። ታላቁ «አንተ ዝም በል፤ ሴቷ ትጨርስ» አለው። እናቴ ስኳር ድንቹን አስቀመጠችው። እኔ አሸንፌ ነበር። እንደዚያ ነው የተሰማኝ፤ ወረቀቱን መልሼ ልቀበለው እጄን ዘርግቻለሁ።

አባቴ ግን ወረቀቱን አልለቀቀም። ጣቱ ወደ መጨረሻው ዓምድ ሄደ። «ይሄስ?»

«እሱ እንሰቱ ነው።»

«ባዶ ነው።»

«ሸጠነው ስለማናውቅ ዋጋ አጣሁለት። ግን እሱ ማለት—»

ጣቱ በባዶው ላይ ቁልቁል ወረደ። ከታች ቆመ። «ዜሮ ይላል።»

ያኔ ነው ያየሁት።

«ኮምፒውተሩ ነው የጻፈው» አልኩ።

«ኮምፒውተሩን ማን አዘዘው?»

አባቴ አልሳቀብኝም፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ወደ እናቴ ዞሮ በተለመደ ድምፁ «እንሰትሽ ከአራተኛ ክፍሏ ጀምሮ እስከ ዘንድሮ ተደምሮ ዜሮ ሆኗል» አላት። «እኔ አይደለሁም ያልኩት። የተማረችው ልጅሽ ናት።»

እናቴ ማንበብ አትችልም። ተነሥታ መጣችና ወረቀቱን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። «እንደዚያ ነው ያልሽው?»

«እማዬ፣ ዋጋው ስላልታወቀ ነው እንጂ—»

«አንቺ ዲላ የምትበዪውስ?»

በየሁለት ሳምንቱ ቆጮ ትልክልኛለች። ደመወዜ ለቤት ኪራይ ይበቃል፤ ከዚያ የሚተርፈው ለሳሙናና ለስልክ ነው። በእሷ ቆጮ ነው ከተማ የምኖረው። «አልጻፍኩትም» አልኳት።

«አባትሽ እናቱን የቀበረ ጊዜ ለቀስተኛው ሁሉ የበላውስ?»

«አልጻፍኩትም።»

እኔ ከቦርሳዬ እስክሪብቶ አወጣሁና «ቆይ፣ አሁን እሞላዋለሁ» አልኩ። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። አራተኛ ክፍል ሳለሁ በሚለው አንጻር እስክሪብቶውን አሳረፍኩና ቀረሁ። ስንት ብዬ? ታላቅ ወንድሜ አንድ ቁጥር ጠራ፤ ታናሹ ሌላ ጠራ። አባቴ «ተዉት፤ ዋጋ በቤት አይሠራም» አላቸው።

እናቴ ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ቢላዋዋን አነሣች። «በሉ ይነቀል» አለች።

አባቴ ራሱ ደነገጠ። «ምን አልሽ?»

«ይነቀል አልኩ። አንተ ብቻ ስትል ነበር የምከራከርህ። እሷም ካለች ምን እላለሁ።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ እንዳይነቀል ነው የመጣሁት» አልኳት። ድንቹን መላጥ ቀጠለች። ልመናዬን አባቴ ነው የሰማው፤ «ሰምታሻለች፤ ተያት» አለኝ፤ ድምፁም ቁጣ አልነበረበትም።

በማግሥቱ እሑድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ከተመለሰ በኋላ ወንድሞቼ ዶማ ይዘው ገቡ። ከሠላሳ ስምንቱ ለመፋቅ የደረሰው አሥራ አንድ ብቻ ነበር። የቀረው ገና ልጅ ነው፤ እሱ እየተከተፈ ለላም ተሰጠ። አንዱ ሲወድቅ ኮባው አየር ይቀዝፍና መሬቱን በጥፊ እንደመምታት ያደርገዋል። ያ ድምፅ ቤት ውስጥም ይሰማል። ከቀትር በኋላ የቤቱ ጀርባ ወገግ እያለ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የጎረቤት ጣራ ከእኛ በር ይታያል፤ በፊት ጎረቤት እንዳለን የምናውቀው በድምፅ ነበር።

እኛ ጋ እንሰት ሲፋቅ ወንድ አይጠጋም። ወንድሞቼ ግንዱን አስጠግተው ገና ያልተነቀለውን ሊጨርሱ ሄዱ፤ የሰፈሩ ሴቶች መፋቂያቸውን ይዘው መጡ። ሳንቃውን አጋድመን እግራችንን ዘርግተን ተቀመጥን። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። ታች ሰፈር ያለች አንዲት አክስት፣ የሥጋ ዘመድ የማትሆነን ግን ሁሉም አክስት የሚላት፣ ገና ስታየኝ «ነይ ዜሮዋን ፋቂያት» አለችኝ።

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ጠጋ ብዬ መፋቅ ጀመርኩ።

«ቀስ፣ ቀስ» አለች ሌላዋ፤ «እንዲህ ከፋቅሽው ከዜሮ ያንሳል።»

«ለእኔ ብታካፍዪኝስ? ለነፍስ ወከፍ» አለች አክስት። ይህን ቃል ከወንድሜ ሚስት ነው የሰማችው፤ አፏ ውስጥ እያገላበጠች ቀኑን ሙሉ ተጫወተችበት። ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም። ለቅሶ ቤትም እንዲሁ ነው የሚስቁት። እናቴ ብቻ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። ከእኔ ሦስተኛ ሆና ተቀምጣ እጇ ሳያርፍ ትፍቃለች። የእንሰቱ ውኃ እጄን ያሳክከኝ ጀመር። ዱሮ አያሳክከኝም ነበር። ትንሽ አረፍ ስል «ከተማ ገብታ ቆዳዋ ሳስቷል» አሉኝ።

በመካከል ተነሥቼ አባቴን ፈለግኩት። ከቤቱ ጎን ችግኞቹ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ነበር። አንዱን አንሥቶ ፕላስቲኩን ያየዋል፤ መልሶ ያስቀምጠዋል።

«ጥቂት አስቀርላት» አልኩት። «አምስት እንኳ።»

«እኔም ብያታለሁ። በሩ አጠገብ ያሉት ይቅሩ አልኳት።»

«ምን አለች?»

«ዜሮ ላይ አምስት ምን ያደርጋል አለችኝ።» ችግኙን አየ። «እናትሽን አውቃታለሁ። አሁን ከዚህ በኋላ አትመለስም።»

«አንተም ብታቆማቸው አይቆሙም?»

«ያንን መሬት እኔ አዝዘዋለሁ። እንሰቱን ግን አንድ ቀን አዝዤው አላውቅም።» ይህንን ሲል ዓይኔን አላየም። የግብርና ባለሙያው በመጪው ሳምንት ለመመዝገብ እንደሚመጣ ነገረኝ፤ ስንት ችግኝ እንደተተከለ ሊጽፍ። «በአራት ዓመት ገቢያችን ያድጋል» አለ። ለራሱ ነው የተናገረው።

ሲመሽ የተፋቀው ሁሉ እንዲብላላ ጉድጓድ ገባ። ጉድጓዱን በኮባ አልብሰን ድንጋይ ጫንበት። እናቴ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ራሷ አስቀመጠች፤ ላግዛት ስል «ይበቃል» አለችኝ። እዚያው አደርኩ። ሰኞ ማለዳ ሥራ ስላለብኝ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። እናቴ ተነሥታ የተቆፈረውን መሬት በእጇ ታለሰልሳለች፤ ከጓሉ ውስጥ የእንሰት ሥር እየለቀመች ወደ ዳር ትወረውራለች።

«እማዬ፣ ሄድኩ።»

«ደህና ሁኚ» አለች ወደ መሬቱ እንዳጎነበሰች።

ትንሽ ቆምኩ። «ሳምንት እደውልልሻለሁ።»

«ወንድምሽ ስልኩን ይዞት ካልሄደ ነው» አለች። ይህንን ስትል አንድ ሥር ይዛ ትጎትት ነበር፤ አልወጣላትም። ጠጋ ብዬ አብሬያት ያዝኩት። ሁለታችንም ጎተትነው፤ ወጣ። ከእጄ ተቀብላ ወደ ዳር ጣለችውና ወደሚቀጥለው ዞረች።

በቤቱ ጎን ዞሬ ወረድኩ። ቁልቁለቱ ግማሽ ላይ ሞተር አገኘሁ። «አስፋልቱ ድረስ» አልኩት ነጂውን። ከኋላው ተቀመጥኩና ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አደረግኩ፤ ሄድን።